ደካማ ማመልከቻ እንዴት ይጠናከራል?
(ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ለሚያስቡ ጓደኞች፥ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኅብረቱ ኮሚቴ ይህን ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ ማመንታታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። እንደ ልማዳችን በዚህ ቦታ ቆሞ የሚናገረው የተሳካለት ሰው ነው፤ እኛ ግን የምናወራው ስላልተሳካልን ነገር ነው። «እኛ» ስንል በአንድ ቤት የምንኖር ሦስት ጓደኛሞችን ማለታችን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስታችንም እዚህ አሜሪካ ውስጥ ወደሚገኙ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክተን ነበር። ሦስታችንም አልተቀበሉንም። በድምሩ ከሃያ አንድ ቦታ ጠይቀን አንድ ቃለ መጠይቅ እንኳ ሳናገኝ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍነው ጊዜ ያስተማረንን ነገር ለብቻችን ይዘን ከምንቀመጥ፥ ከኋላችን ለሚመጡት ብናካፍለው ይሻላል ብለን ቀርበናል።

በመጀመሪያ ስሕተታችንን በግልጽ እንናገር። ማመልከቻውን የላክነው ተዘጋጅተን ሳይሆን አራተኛ ዓመት ስለ ደረስን ብቻ ነበር። አባቶቻችን ሌሊት ታክሲ እየነዱ፥ እናቶቻችን በሆቴልና በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ እንዳሳደጉን ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ የብዙዎቻችሁም ታሪክ ይኸው ነውና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ሲቀዳ ጋሼ እገሌና እትዬ እገሊት «እንግዲህ ሐኪማችን መቼ ነው የምትገባው?» ብለው በፍቅር ይጠይቃሉ። በዚያን ጊዜ «ገና አልተዘጋጀሁም» ብሎ መመለስ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። እኛም «በሚመጣው ዓመት ነው» እያልን ከርመን፥ ቃላችን እንዳይታጠፍ ብለን ብቻ አመለከትን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኛ ደረሰ።

የባሰው ግን ሁለተኛው ስሕተት ነው። የእምቢታው መልስ እንደ ደረሰን ያሰብነው ያንኑ ማመልከቻ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ለመላክ ነበር። «ዕድል ነው፤ በሌላ ቦታ ይሳካል» አልን። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን የነገረን አንድ ሰው ነው። ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ ካልተቀበሉት ትምህርት ቤቶች ለአንዱ ጽፎ ምክንያቱን ጠየቀ። የመግቢያው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛም በስልክ ሃያ ደቂቃ ያህል አነጋገሩትና፥ ማመልከቻው የት ላይ እንደ ደከመ አንድ በአንድ ነገሩት። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። የጥርስ ሐኪም ራጅ ሳያነሣ መሰርሰሪያውን አይጨብጥም። የበሰበሰውን ሳያጸዳም ላዩን ቢደፍነው፥ ጥርሱ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ መበላቱን ይቀጥላል። የእኛም ሐሳብ ላዩን መድፈን ነበር።

እንግዲህ በሩ ምን እንደሚመስል በአጭሩ እንመልከት። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 እዚሁ አጠገባችን ባልቲሞር ላይ ነው፤ ዛሬ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚባለው የእርሱ ወራሽ ነው። የዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጥርስ ሕክምና ማስተማር የጀመረው በ1881 ነው። ዛሬ በመላው አሜሪካ ከ70 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት መካከል ቦታ የሚያገኙት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፤ የሚገቡትም ተማሪዎች አማካይ ነጥብ 3.6 ገደማ ነው። ስለዚህ በሩ የተዘጋ አይደለም፤ ዳሩ ግን ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚከፈትም አይደለም።

የሦስታችን ሕመም የተለያየ ስለ ነበረ፥ በየተራ ብንናገረው ለሁላችሁም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ጓደኛችን ችግሩ የክፍል ውጤት ነበር። ዘጠና ክሬዲት ጨርሶ አማካይ ነጥቡ 2.9 ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው እርሳስና ወረቀት ይዞ መቀመጥ ነው። ከዚህ በኋላ ሠላሳ ክሬዲት ወስዶ በሁሉም «ኤ» ቢያገኝ፥ አማካዩ የሚደርሰው ወደ 3.18 ብቻ ነው። ይህን ስሌት ባየን ቀን ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ ማመልከቻዎችን ሰብስቦ የሚያከፋፍለው አድሳስ የሚባለው ድርጅት አሠራሩ የራሱ ነው። አንድ ኮርስ ወድቀን ብንደግምና ኮሌጃችን የፊተኛውን ውጤት ቢሰርዝልን እንኳ አድሳስ ሁለቱንም ይቆጥራቸዋል። የሳይንስ ትምህርቶችንም አማካይ ለብቻ አውጥቶ ያሳያል። ስለዚህ የቀድሞው አይፋቅም፤ ከኋላው የሚመጣው ግን እንዲናገርለት ማድረግ ይቻላል። የሚመረምሩት ሰዎች ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፥ ተማሪው መጨረሻ ላይ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለውንም ይመለከታሉና። ጓደኛችን ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ወሰደ። ቀላል ኮርስ አልመረጠም፤ ባዮኬሚስትሪ፥ ማይክሮባዮሎጂ፥ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው የወሰደው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመው ይኸው ዓይነት ትምህርት ስለ ሆነ፥ እዚህ ላይ በርትቶ መገኘት ከቃል የበለጠ ምስክር ነው።

ነገር ግን ኮርስ ከመጨመር በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውጤቱ የወረደው ለምንድን ነው? የሚለው ነው። ይህ ጓደኛችን በሳምንት ሠላሳ አምስት ሰዓት በመኪና ማቆሚያ ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን የወሰደው እንቅልፍ ሳይተኛ ነው። ሥራው ካልቀነሰ ተጨማሪው ኮርስ ተጨማሪ ውድቀት ይሆናል። ለመቀነስ ደግሞ ለቤተ ሰብ መናገር ያስፈልጋል፤ ከኪራዩ ላይ ድርሻውን የሚከፍለው እርሱ ነበርና። አንድ ቀን ማታ ደፍሮ የውጤት ወረቀቱን አባቱ ፊት አኖረው። አባቱም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ይህን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉት። ከዚያ በኋላ ሥራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆነ። ከፈተናው ይልቅ የከበደችው ያቺ ማታ እንደ ነበረች እስካሁን ይነግረናል።

የሁለተኛው ጓደኛችን ሕመም ዲ.ኤ.ቲ. የሚባለው የመግቢያ ፈተና ነበር። የክፍል ውጤቱ መልካም ስለ ነበረ ሦስት ሳምንት ብቻ አንብቦ ተቀመጠ። ይህ ፈተና አራት ክፍል አለው። የተፈጥሮ ሳይንሱ አንድ መቶ ጥያቄ ሲሆን አርባው ባዮሎጂ፥ ሠላሳው ጠቅላላ ኬሚስትሪ፥ ሠላሳው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። ንባብና ሒሳብም አሉበት። አራተኛው ክፍል ግን በትምህርት ቤት ያልተማርነው ነው፤ በስድሳ ደቂቃ ዘጠና ጥያቄ የሚቀርብበት የዓይን ማስተዋል ፈተና ነው። ታጥፎ የተበሳ ወረቀት ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚታዩ፥ ከአራት ማዕዘኖች ትንሹ የትኛው እንደ ሆነ፥ አንድ ቅርጽ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይጠየቃል። ይህ መጽሐፍ በማንበብ የሚገኝ አይደለም፤ ዓይን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲለማመድ የሚመጣ ነው።

ለሁለተኛው ሙከራ ጓደኛችን አራት ወር መደበ። ጠቃሚ ሆኖ ያገኘው አንድ ደብተር ነው። በልምምድ የሳተውን ጥያቄ ሁሉ እየጻፈ፥ ከጎኑ «አላወቅሁትም»፥ «በደንብ አላነበብኩትም» ወይም «ሰዓት አለቀብኝ» ይላል። ከወር በኋላ ቢቆጥረው፥ የሳተው አብዛኛው ባለማወቅ ሳይሆን በሰዓት እጥረት ነው። ስለዚህ ሌላ መጽሐፍ መግዛቱን ትቶ ሰዓት እያስቆጠረ መለማመድ ያዘ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ በሁለት ፈተናዎች መካከል የግዴታ የጥበቃ ጊዜ አለ፤ የቀድሞው ውጤትም ከአዲሱ ጋር አብሮ ይታያል፤ ስለዚህ «ለሙከራ» ብሎ መቀመጥ አይበጅም። ሁለተኛ፥ ውጤቱ ቀድሞ ከ1 እስከ 30 በሆነ መለኪያ ይሰጥ ነበር፤ ከማርች 2025 ወዲህ ግን ከ200 እስከ 600 በሆነ መለኪያ ሆኗል። ታላላቆቻችሁ «ሃያ አንድ አመጣሁ» ሲሏችሁ የሚናገሩት በአሮጌው መለኪያ ስለ ሆነ ግራ አትጋቡ።

ሦስተኛው ጓደኛችን ውጤቱም ፈተናውም ደኅና ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ገብቶ የሚያውቀው በታካሚነት ብቻ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች አመልካቹ ከሐኪም ጎን ቆሞ ሥራውን የተመለከተበትን ሰዓት ይጠይቃሉ፤ መቶ ሰዓት ያህል የሚፈልጉ አሉ። ሰዓቱን መቁጠር ግን ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው፥ ይህን ሥራ ዕድሜ ልክ ልትሠራው እንደምትችል አይተህ ታውቃለህ ወይ? ነው። ጓደኛችን በየሐኪም ቤቱ እየዞረ ጠየቀ፤ ብዙዎቹ አይሆንም አሉት፤ በመጨረሻ አንድ ወገናችን የሆኑ ሐኪም ፈቀዱለት። ቀኑን ሙሉ አንገትን አጎንብሶ መሥራት ጀርባን እንዴት እንደሚጎዳ፥ የሚፈራን ታካሚ በቃል ማረጋጋት ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ በዓይኑ አየ።

ከዚያም በነፃ ሕክምና በሚሰጥበት ቀን በአስተርጓሚነት ይረዳ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት እናት «ልጄ፥ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል» አሉ። እርሱ «አመማቸው» ብሎ ተረጐመ። ሐኪሙ ግን አልበቃቸውም፤ ቀዝቃዛ ሲነካው ነዝሮ የሚተው ነው? ወይስ ሳይነኩት ተነሥቶ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ? ብለው ጠየቁ። ነዝሮ ወዲያው የሚተወው ሕመም ብዙውን ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ሊድን እንደሚችል ያመለክታል፤ በራሱ ተነሥቶ የሚጠዘጥዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ የማይመለስ ጉዳት ደርሶበት የጥርስ ሥር ሕክምና ወይም መንቀል የሚያስፈልገው ነው። እናታችን «ይጠዘጥዘኛል» ሲሉ እኮ ግማሹን ምርመራ ነግረውናል፤ እኛ ነን በትርጉም የጣልነው። ጓደኛችን በአማርኛ ማደጉ ለዚህ ሙያ ጥቅም እንዳለው ያወቀው በዚያ ቀን ነው።

ይህ ወደ ድርሰቱ ያመጣናል። ከማመልከቻው ጋር ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት ክፍተቱ ጭምር ከ4,500 ሆሄያት እንዲበልጥ አይፈቀድም። የሦስታችንም የመጀመሪያ ድርሰት «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወድ ነበር» የሚል ነበር፤ ስሙን ብንለዋውጠው ማንም አያውቅም ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አንዱ ስለ አባቱ ጻፈ። አባቱ ወንጂ ነው ያደጉት፤ ጥርሳቸው ቡናማ ስለ ሆነ ሲሥቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ልጁ ዘመኑን ሁሉ የመሰለው በልጅነታቸው ጥርሳቸውን ስላልጠበቁ ነው። በኋላ እንደ ተረዳው በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስ በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ ያን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የውሃው እንጂ የአባቱ አልነበረም። ይህን የመሰለ ነገር ያለው ሰው «መርዳት እወዳለሁ» ማለት አያስፈልገውም። የሙያውንም ክብደት ለማወቅ ሩቅ አንሄድም፤ በ2007 በዚሁ በሜሪላንድ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርሱ የተነሣው ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ተዛምቶ ሞቷል።

ስለ ምስክርነት ደብዳቤ መምህሮቻችን ፊት መናገር ያሳፍራል፤ ሆኖም አንተወውም። የማያውቀንን መምህር በመጨረሻው ሳምንት ደብዳቤ መጠየቅ የእኛ ጥፋት ነው። እናንተም መምህሮቻችን፥ ጥሩ ደብዳቤ ልትጽፉልን የማትችሉ ከሆነ እባካችሁ በግልጽ «ሌላ ሰው ጠይቅ» በሉን። ለጊዜው ብናዝንም በኋላ እናመሰግናችኋለን። ለዘብ ያለ ደብዳቤ ከእምቢታ ይበልጥ ይጎዳልና።

ጊዜንና ገንዘብን በሚመለከት አጭር ቃል እንጨምር። ማመልከቻ መላክ የሚጀመረው በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም እንደ ደረሳቸው እያዩ ስለሚጠሩ፥ በጥቅምት የሚላክ መልካም ማመልከቻ በተሞላ ቤት እንደ ዘገየ እንግዳ ነው። ለየትምህርት ቤቱ ክፍያ ስላለ አቅም የሌለው ተማሪ ስለ ክፍያ እርዳታው አስቀድሞ ይጠይቅ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የክፍለ ግዛታቸውን ነዋሪ ስለሚያስቀድሙ ዝርዝሩ በስም ዝና ሳይሆን በዚህ ይመረጥ። ከዚህም ሌላ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሙያ ትምህርት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት ከ50,000፥ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኗል። የብዙ ትምህርት ቤቶች ወጪ ከዚህ በላይ ስለ ሆነ፥ ሒሳቡን ከመግባት በፊት እንጂ ከገቡ በኋላ መሥራት አይጠቅምም።

አሁን ምናልባት «መጨረሻችሁ ምን ሆነ?» ትሉን ይሆናል። ፈተናውን የደገመው ጓደኛችን ዘንድሮ ተቀብለውታል። የክፍል ውጤቱ ዝቅ ያለው ተጨማሪውን ዓመት በመልካም ጨርሶ በሚመጣው ጁን ያመለክታል፤ ይገባል ብለን ቃል አንገባም። ሦስተኛው፥ መቶውን ሰዓት ካየ በኋላ፥ ይህ ሥራ የእርሱ እንዳልሆነ ተረድቶ ወደ ሕዝብ ጤና ትምህርት ሄዷል፤ በሽታውን ከምንጩ መከላከል ይሻለኛል ይላል። ይህንንም እንደ ውድቀት አንቆጥረውም። ራስን መርምሮ «አይደለም» ማለት ሳይመረምሩ «አዎን» ከማለት ይበልጣል።

በመጨረሻ ለኅብረቱ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ በኅብረቱ ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ያልተቀበሉት ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ የት እንደ ደከመና ምን እንዳስተካከለ ያስፍርበት። የተሳካላቸውን በየዓመቱ እናጨበጭብላቸዋለን፤ የምንማረው ግን ካልተሳካላቸውም ጭምር ነው። ሁለተኛ፥ መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ በወር አንድ ቀን የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይደረግልን። ሦስተኛ፥ የፈተና መጻሕፍት ውድ ስለ ሆኑ ያለፈ ሰው መጽሐፉን ለሚከተለው ይተውለት። እነዚህን ለመጀመር እኛ ሦስታችን የመጀመሪያውን ገጽ ሞልተን፥ መጻሕፍታችንን ይዘን መጥተናል፤ እነሆ ጠረጴዛው ላይ አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ለሁለት ዓመት ደብቀን አይተነዋል። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ጋሼ እገሌ «መቼ ነው የምትገባው?» ብለው ሲጠይቁ፥ ከመካከላችሁ ያልተዘጋጀ ቢኖር «ጋሼ፥ ገና ነኝ፤ እየተዘጋጀሁ ነው» ይበላቸው። እኛ ብለነው አይተናል፤ ጋሼም «አይዞህ» ብለው ቡናቸውን ጠጡ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም።